የአንድ ሄክታር ዋጋ

ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ላይ መሬት የሚወራው በካሬ ነው። ደላላውም፣ ቀያሹም፣ ካሳ የሚጠብቀው ገበሬም በዚህ ይግባባሉ። አሥር ሺህ ካሬ ሜትር አንድ ሄክታር ነው፤ አንድ ሄክታር ደግሞ የትም ይሁን የት አንድ ሄክታር ነው። ዋጋውን ከፍ ዝቅ የሚያደርገው ለአስፋልት መቅረቡ፣ መብራትና ውሃ መግባቱ ነው። ጥድ የበቀለበት ይሁን ረግረግ ያረፈበት በሒሳቡ ውስጥ ቦታ የለውም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ሦስቱ ከተሞች ከሌሎች ጎረቤቶቻቸው ጋር ሸገር ከተማ በሚል ስም በአንድ አስተዳደር ሥር ገብተዋልና አዲስ አበባን የከበበው መሬት ዕጣ አሁን በአብዛኛው በአንድ ጠረጴዛ ላይ ይወሰናል።

ይህ አቆጣጠር ለቤትና ለፋብሪካ ይሠራ ይሆናል፤ ለሕይወት ግን አይሠራም። እንደማይሠራ የሚያሳዩት ደግሞ እርስ በርሳቸው የማይተዋወቁ የሚመስሉ ሁለት የሳይንስ ዘርፎች ናቸው፤ አንዱ ደሴቶችን ያጠናል፣ ሌላው ጠላና ቢራ የሚያፈላውን ኢንዛይም።

እ.ኤ.አ. በ1967 ሮበርት ማክአርተርና ኤድዋርድ ዊልሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን በደሴቶች ላይ ስለሚኖሩ ዝርያዎች ብዛት አንድ መጽሐፍ አሳተሙ። ሐሳባቸው ቀላል ነው። በአንድ ደሴት ላይ የሚኖሩት ዝርያዎች ቁጥር የሚወሰነው አዲስ በሚገቡትና እዚያው በሚጠፉት መካከል ባለው ሚዛን ነው። ደሴቱ ለዋናው ምድር ሲቀርብ የሚገባው ይበዛል፤ ሲሰፋ ደግሞ የሚጠፋው ይቀንሳል። ዊልሰንና ተማሪው ዳንኤል ሲምበርሎፍ ይህን በተግባር ለመፈተን በፍሎሪዳ ባሕር ዳርቻ ያሉ ትንንሽ የማንግሮቭ ደሴቶችን በድንኳን ሸፍነው በጭስ መርዝ ነፍሳቱን አጠፉና የሚመለሰውን መቁጠር ጀመሩ። ዓመት ገደማ ሲሞላ የዝርያዎቹ ቁጥር ወደ ቀድሞው ተጠግቶ ነበር። የተመለሱት ዝርያዎች ግን የቀድሞዎቹ ብቻ አልነበሩም፤ ደሴቱ ቁጥሩን ጠብቆ ነዋሪዎቹን ለውጧል።

ከዚህ ጥናት በፊትም የካሪቢያን ደሴቶችን የተመለከቱ ሰዎች አንድ ነገር አስተውለው ነበር። የደሴቱ ስፋት አሥር እጥፍ ሲያድግ የእንሽላሊትና የእንቁራሪት ዝርያዎች ቁጥር እጥፍ ብቻ ያድጋል። የስፋቱና የዝርያዎቹ ዝምድና ቀጥ ያለ መስመር አይሠራም፤ መጀመሪያ ላይ ሽቅብ ይወጣል፣ እየቆየ ይተኛል። በብዙ ደሴቶች የተለካው ዝምድና በግምት የስፋቱ አራተኛ ዘር ነው፤ መሬቱ በግማሽ ሲቀነስ ከመቶ ዝርያዎች 84ቱ ገደማ ይቀራሉ፣ ወደ አንድ አሥረኛ ሲወርድ 56 ገደማ።

ደሴት ሲባል የግድ በውሃ የተከበበ መሬት አይደለም። ለዓሣ፣ ሐይቅ ደሴት ነው። ጣና ከጢስ ዓባይ ፏፏቴ በላይ ተነጥሎ በመቆየቱ ሌላ ቦታ የማይገኙ ከ12 በላይ የባርቦ ዓሣ ዝርያዎች በውስጡ ተፈጥረዋል። የአገሪቱ የዓሣና ሌሎች የውሃ ሀብቶች ምርምር ማዕከል ያለው ሰበታ ነውና ይህ ለከተማዋ ሩቅ ወሬ አይደለም። ለቀይ ቀበሮና ለጭላዳ ደግሞ ደጋው ደሴት ነው፤ ቆላው እንደ ባሕር ይከበዋል። ለጥድ፣ ለወይራና ለኮሶ ደሴታቸው በእርሻና በከተማ ተከቦ የተረፈው ደን ነው።

በሰሜንና በመካከለኛው የኢትዮጵያ ደጋ ከእነዚህ የደን ደሴቶች ብዙዎቹን ያተረፈችው ቤተ ክርስቲያን ናት። ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር 28 የአብያተ ክርስቲያናት ደኖችን አጥንቶ 168 የዛፍ፣ የቁጥቋጦና የሐረግ ዝርያዎችን መዝግቧል። ትንሹ ደን ሁለት ሄክታር የማይሞላ ሲሆን ትልቁ መቶ ሄክታር ገደማ ነበር። እነዚህን የተከበቡ ደኖች ከአየር ላይ የተመለከተ ሰው ቢጫ ማሳ ላይ ተበትነው ያያቸዋል፤ ማክአርተርና ዊልሰን ለንድፈ ሐሳባቸው ማስረጃ ፍለጋ ከዚህ የተሻለ ቦታ ባላገኙ ነበር።

ወደ አዲስ አበባ ዙሪያ ሲመጣ ትልቁ ደሴት ከሰበታ በስተምዕራብ ያለው የመናገሻ ሱባ ደን ነው። በወጨጫ ተራራ ላይ፣ እስከ 3,385 ሜትር ድረስ በሚወጣው ዳገት፣ ታች ጥድና ወይራ፣ ወደ ላይ ኮሶ፣ ጫፉ ላይ አስታ ይታያል። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን የጥድ ዘር ከወፍ ዋሻ አስመጥተው አስተከሉት የሚለው ትውፊት የታወቀ ነው። ጉሬዛ አለበት፣ የምኒልክ ድኩላ አለበት። ከዚያ ወደ ሰሜን ምሥራቅ፣ ቡራዩ አጠገብ፣ ከ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ አዲስ አበባን ውሃ ያጠጣው የገፈርሳ ግድብ አለ፤ በዳርቻው ከኢትዮጵያ በቀር የትም የማይኖረው ሰማያዊ ክንፍ ዝይ ይታያል። ከገፈርሳ ቀጥሎ 705 ሄክታር የሚሸፍነው የጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል፣ ከእርሱም እንጦጦ፤ ከእንጦጦ ጀርባ ደግሞ የሱሉልታ ሜዳ። እንጦጦ ውሃ ከፋይ ነው። በደቡብ የሚወርደው ወደ አዋሽ ሲሄድ የሱሉልታው በሙገር አድርጎ ዓባይ ይገባል። ሱሉልታ በክረምት ውሃ የሚተኛበት የሣር ሜዳ በመሆኑ በዓለም አቀፍ ደረጃ ለወፎች ጠቃሚ ከተባሉት የኢትዮጵያ ሥፍራዎች አንዱ ነው።

እንግዲህ ኢንዛይሙ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው።

ሰበታን በአገሪቱ ያሳወቃት አንዱ ነገር በ1950ዎቹ ዓ.ም. የተመሠረተው የሜታ አቦ ቢራ ፋብሪካ ነው። ፋብሪካውም ሆነ በሰፈሩ ጠላ የምትጠምቀው እናት የሚጀምሩት ከአንድ ነገር ነው፤ ከብቅል። ገብስ ተነክሮ ሲያጎነቁል በውስጡ አሚሌዝ የሚባሉ ኢንዛይሞችን ያወጣል፤ እነርሱም የእህሉን ስታርች ቆራርጠው ስኳር ያደርጉታል፤ ስኳሩን እርሾ ወስዶ አልኮል ያደርገዋል። ጥንስሱ ውስጥ ይህ ሁሉ በዓይን ሳይታይ ይካሄዳል። ኤድዋርድ ቡክነር እ.ኤ.አ. በ1897 የእርሾን ሕዋሳት ጨፍልቆ ጭማቂያቸው ብቻውን ስኳር እንደሚያፈላ እስኪያሳይ ድረስ ሕይወት የሌለው ነገር ይህን ይሠራል ብሎ ያመነ ብዙ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ የመጣው ጥያቄ የፍጥነት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1912 ካናዳዊቷ ሐኪም ሞድ ሜንተን ወደ በርሊን ሄዳ በአንድ ሆስፒታል ትንሽ ላቦራቶሪ ውስጥ ከሌኦኖር ሚካኤሊስ ጋር መሥራት ጀመረች። ከእርሾ የሚገኘው ኢንቨርቴዝ የሚባለው ኢንዛይም የሸንኮራ ስኳርን ለሁለት ሲሰነጥቅ የስኳሩ ውህድ ብርሃንን የሚያዞርበት አቅጣጫ ይለወጣል፤ እነርሱም ያንን ለውጥ እየተከታተሉ ፍጥነቱን ለኩ። የሚለኩት ሥራው ገና ሲጀመር፣ ውጤቱ ተጠራቅሞ ኢንዛይሙን ማወክ ሳይጀምር ነበር። በ1913 ያሳተሙት ጽሑፍ ዛሬም የባዮኬሚስትሪ ተማሪ ሁሉ የሚማረው ነው። ስኳሩ ጥቂት ሲሆን በጨመሩለት ቁጥር ፍጥነቱ ያድጋል፤ እየበዛ ሲሄድ ግን ዕድገቱ ይደክምና መጨረሻ ላይ ቀጥ ይላል። ምክንያቱ የኢንዛይሙ ቁጥር ውስን መሆኑ ነው። በአንድ ምጣድ የምትጋግር ሴት ሊጡ በቶሎ በቀረበላት መጠን ብዙ እንጀራ ታወጣለች፤ ምጣዱ ባዶ የማይሆንበት ደረጃ ሲደረስ ግን ቡሃቃውን በአሥር ቢያበዙላት ከምጣዱ የሚነሣው እንጀራ አይጨምርም። ፍጥነቱ የጣሪያው ግማሽ ላይ የሚደርስበት የስኳር መጠን የሚካኤሊስ ቋሚ ቁጥር ይባላል፤ ከዚያ በታች ሽቅቡ ነው፣ ከዚያ በጣም በላይ ሜዳው።

በዚህ ሜዳ ላይ የሚሆነውን ልብ ማለት ያስፈልጋል። ኢንዛይሞቹ ሁሉ በሥራ ተይዘው እያለ ከስኳሩ አንድ አምስተኛው ቢነሣ ፍጥነቱ ብዙም አይነቃነቅም። ፍጥነቱን ብቻ የሚመለከት ሰው ምንም አልጎደለም ይላል። እንደገና ይነሣል፣ አሁንም ምንም የለም። ሽቅቡ ላይ ከተደረሰ በኋላ ግን እያንዳንዱ ቅንጣት የምትነሣው ከፍጥነቱ ላይ ነው። የተነሣው መጠን እኩል ሆኖ ጉዳቱ እኩል አይሆንም፤ የሚወስነው ሲነሣ የተገኘበት ቦታ ነው።

የስፋትና የዝርያ ዝምድና የሒሳብ ቀመሩ ከዚህ ይለያል፤ የደሴቱ መስመር ጣሪያ የለውም፣ ቀስ እያለ ይወጣል እንጂ ፈጽሞ አይቆምም። ጠባዩ ግን አንድ ነው። ለምሳሌ ያህል በሒሳብ እንየው፤ በመቶ ሄክታር ደን ውስጥ 80 የእንጨት ዝርያዎች አሉ እንበል። በዚያው ዝምድና አራት ሄክታር ያለው ደን 36 ገደማ ይይዛል። ከትልቁ ደን አንድ ሄክታር ቢመነጠር የሚጠበቀው ኪሳራ ከአንድ ዝርያ ሩብ ያንሳል። ከትንሹ ያው አንድ ሄክታር ሲነሣ ግን ሁለት ተኩል ያህል ዝርያ ይሄዳል፣ ከአሥር እጥፍ በላይ። ለቀያሹ ሁለቱም አሥር ሺህ ካሬ ናቸው።

በሸገር ከተማ ውስጥና ዙሪያ የቀሩት ትንንሽ የአጥቢያ ደኖች፣ የወንዝ ዳር ጥሻዎችና የሱሉልታ ረግረግ ቁራጮች ሁሉ ሽቅቡ ላይ ያሉ ናቸው። ሜዳው ካለፈ ቆይቷል። ስለዚህ «ትንሽ ናት፣ ምን ታደርጋለች?» የሚለው በየስብሰባው የሚሰማ ክርክር ነገሩን ይገለብጠዋል። ትንሽ መሆኗ ራሱ እንዳትነካ የሚያደርጋት ምክንያት ነው። ከዚህም በላይ ወፍ ከመናገሻ ተነሥቶ እንጦጦ ለመድረስ የሚያርፍበት እነርሱ ላይ ነው፤ መካከለኞቹ ሲጠፉ ትልቆቹ ደሴቶች ከዋናው ምድር ይርቃሉ፣ የሚገባው ይቀንሳል። ትልቁን ደን ብቻ አጥሮ መካከሉን በሲሚንቶ መሙላት ትልቁንም ማድከም ነው።

ሁለቱ ሳይንሶች የሚገናኙበት ሌላም ቦታ አለ፣ ምናልባትም ለዚህ አገር ይበልጥ የሚጠቅመው። በፒትስበርግ ከተማ በሚገኘው ካርኔጊ ሙዚየም የሠራው ቢራቢሮ አጥኚ ሃሪ ክሌንች እ.ኤ.አ. በ1979 አንድ ጥያቄ አነሳ፤ የአንድን ቦታ ቢራቢሮዎች ዝርዝር ለመሙላት ምን ያህል ሰዓት መፈለግ ያስፈልጋል? የተጠቀመበት ቀመር ሚካኤሊስና ሜንተን ያገኙት ዓይነት ነበር፤ በስኳሩ ምትክ የፍለጋውን ሰዓት፣ በፍጥነቱ ምትክ የተገኙትን ዝርያዎች አስገባ። የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ብዙ ያስገኛሉ፣ ከዚያ እያነሰ ይሄዳል፤ ከመስመሩ አካሄድ ደግሞ ገና ያልታዩት ስንት እንደሚሆኑ ይገመታል። ሞድ ሜንተን ራሷ አብዛኛውን የሥራ ዘመኗን በዚያችው ከተማ በፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲ እስከ 1950 ማሳለፏ ደስ የሚል ግጥምጥሞሽ ነው።

ይህ ከሱሉልታ ጋር ምን አገናኘው? የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ከወጣ ሁለት አሥርት ዓመታት አልፈዋል። ግምገማ የሚያስፈልገው ፕሮጀክት ሥራ ከመጀመሩ በፊት ተጽዕኖው እንዲጠና ሕጉ ያዛል። ጥናቱ ግን ስንት ቀን፣ በየትኛው ወቅት ተካሄደ ብሎ መጠየቅ የግድ ነው። አንድ ባለሙያ ለአንድ ጠዋት ሜዳውን ዞሮ «የተለየ ዝርያ የለም» ብሎ ቢጽፍ ያየው የሽቅቡን ግርጌ ብቻ ነው፤ «የለም» የሚለው ቃል ትርጉሙ «ገና አልፈለግሁም» ነው።

ለዚህ ምሳሌ የምትሆን ወፍ አለች። በእንግሊዝኛ ኋይት ዊንግድ ፍላፍቴይል የምትባለው የረግረግ ወፍ ከድንቢጥ ብዙም አትበልጥም፤ ረጅም ሣር ውስጥ ተደብቃ ትኖራለች፣ ረግጠዋት ሊያልፉ እስኪሉ ድረስ አትነሣም። በዓለም የሚታወቀው መኖሪያዋ በዋናነት የኢትዮጵያ ደጋና ደቡብ አፍሪካ ነው፤ ያሉት አዋቂ ወፎች ከ250 እንደማይበልጡ ይገመታል፣ የዓለም የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረትም በእጅጉ ለመጥፋት ከተቃረቡት መድቧታል። በኢትዮጵያ ከተመዘገበችባቸው ቦታዎች ገፈርሳና ሱሉልታ ይገኙበታል፤ ዛሬ ይበልጥ የሚታወቀው መፈልፈያዋ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ያለው የበርጋ ረግረግ ነው። እዚህ የምትታየው ግን በክረምት፣ ሐምሌና ነሐሴ ላይ፣ ሜዳው ውሃ ሲይዝና ሣሩ ሲያድግ ብቻ ነው። ጥር ላይ ሱሉልታን የጎበኘ አጥኚ ደረቅ የከብት ግጦሽ ያያል፤ ሪፖርቱም እውነት መስሎት ያንን ይናገራል። ቦታው ለመጋዘን ሲሰጥ በወረቀቱ ላይ የጠፋ ነገር አይኖርም።

«ዛፍ እኮ እየተከልን ነው» የሚል መልስ እንደሚመጣ ይታወቃል። እውነት ነው፣ ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ የአረንጓዴ ዐሻራ ዘመቻ አገሩን ሁሉ አንቀሳቅሷል፤ ሕዝብ በዝናብ ወጥቶ ችግኝ መትከሉ የሚያኮራ ነገር ነው። የተተከለውና የተመነጠረው ግን በአንድ ሚዛን አይቀመጡም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ አዲስ አበባን ከማገዶ ችግር አውጥቷታል፤ ከተማዋ ባለችበት የቆየችውም በእርሱ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። እንጦጦን ለመቶ ዓመት ሲያለብስ ግን ከሥሩ የወይራና የጥድ ደን አልመለሰም። አንድ ሄክታር ባሕር ዛፍ አንድ ሄክታር ዛፍ ነው፣ አንድ ሄክታር ደን ግን አይደለም። ችግኙ በአንድ ቀን ይተከላል፤ የአጥቢያው ደን የያዘው የዘር ክምችት፣ የሐረጉ፣ የእንጉዳዩ፣ የንቡ ሥርዓት ከአንድ የሰው ዕድሜ በላይ ይወስዳል፤ ዘር የሚመጣበት ሌላ ደን ቅርብ ከሌለ ደግሞ ጨርሶ አይመጣም።

ሌላው ተቃውሞ የበለጠ ክብደት አለው፤ ሰው የት ይኑር? ሰበታና ቡራዩ የሞሉት አዲስ አበባ ውስጥ የቤት ኪራይ ባልቻሉ ሰዎች ነው። ለእነዚህ ቤተሰቦች ጣሪያ መስጠት ግዴታ ነው፣ ማንም ሊከራከርበት አይገባም። ነገር ግን ደን የያዘው መሬት ከጠቅላላው የከተማው ይዞታ ጥቂቱ ነው። ያንን ጥቂት መተው የቤት ችግርን አያባብስም፤ መውሰዱም አይፈታውም። ለቤት የሚሆነው ቦታ ብዙ ነው፣ ወጨጫ ግን አንድ ነው።

ጥፋቱ ቶሎ የማይታይ መሆኑ ደግሞ ነገሩን ያከፋዋል። የፓናማ ቦይ ሲቆፈር ወንዝ ተገድቦ በ1914 እ.ኤ.አ. ባሮ ኮሎራዶ የተባለው ኮረብታ ደሴት ሆነ። ደሴቱ 1,500 ሄክታር ገደማ ነው፣ በ1923 ጥብቅ ተደረገ፣ ከዚያ ወዲህ ደኑን የመነጠረው የለም። ሆኖም በሚቀጥሉት አሥርት ዓመታት በርካታ የወፍ ዝርያዎች አንድ በአንድ ከደሴቱ ጠፉ። ደኑ ቆሞ እያለ ነው የጠፉት፤ ደሴት መሆኑ በቂ ነበር። ዛሬ በሰበታ አንድ የአጥቢያ ደን ዙሪያው በግንብ ሲከበብ ጥዱ ለሠላሳ ዓመት እንደቆመ ይቆያል፣ ምእመኑም ደኑ አለ ይላል። ከሥሩ የሚበቅል ችግኝ ግን ላይኖር ይችላል፤ ዘሩን የሚበትኑት ወፎች መምጣት ሲያቆሙ የመጨረሻው ትውልድ የቆመው ነው።

ስለዚህ ለሸገር ከተማ አስተዳደርና ለኦሮሚያ ክልል የሚቀርበው ጥያቄ ግልጽ ነው። አንደኛ፣ በከተማው ወሰን ውስጥ ያሉ የተፈጥሮ ደኖች፣ የወንዝ ዳሮችና ረግረጎች፣ ግማሽ ሄክታር ያላቸውም ቢሆኑ፣ በካርታ ይውጡና ስማቸውና ስፋታቸው ይታወቅ። ይህን ሥራ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል ባለሙያዎች ሊሠሩት ይችላሉ፤ ዕውቀቱ ደጃፍ ላይ ነው ያለው። ሁለተኛ፣ በእነዚህ ቦታዎች ላይ የሚደረግ የተጽዕኖ ጥናት ቢያንስ አንድ ክረምትና አንድ በጋ ይሸፍን፤ አጥኚውም ስንት ሰዓት እንደፈለገና ስንት እንዳገኘ የሚያሳየውን መስመር ከሪፖርቱ ጋር ያቅርብ። መስመሩ ገና ሽቅብ እየወጣ ከሆነ ጥናቱ አላለቀም። ሦስተኛ፣ ከመናገሻ እስከ ገፈርሳ፣ ከገፈርሳ እስከ እንጦጦና ሱሉልታ ያለው የወንዝ ዳር መስመር ከግንባታ ይጠበቅ። የወንዝ ዳር መሬት ለጎርፍ የተጋለጠ ነውና ቤት የሚሠራበት ሰውም አይጠቀምበትም።

አብያተ ክርስቲያናቱም ድርሻ አላቸው። በየሰበካ ጉባኤው ለአዳራሽ፣ ለሱቅ ኪራይ ወይም ለመኪና ማቆሚያ ተብሎ ከቅጥሩ የሚቆረጠው ጥድ ከሽቅቡ ላይ የሚነሣ ነው። አባቶች ያቆዩትን ደን ለመጠበቅ የውጭ ባለሙያ መጠበቅ አያስፈልግም፤ አንድ ስብሰባና አንድ ውሳኔ ይበቃል።

አንባቢም በሰፈሩ ያለችውን የደን ቁራጭ ወይም የረግረግ ሜዳ ያውቃታል። የሊዝ ማስታወቂያ ሲለጠፍባት የወረዳውን አስተዳደር አንድ ጥያቄ ይጠይቅ፤ የተጽዕኖ ጥናቱ በየትኛው ወር ተሠራ?